አባባ የተንበረከኩበት እሑድ

ልጅ እያለሁ ቤታችን የሚነቃው በእማዬ መዝሙር ነበር። ሴቻ በሚባለው ሰፈራችን፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ግቢውን እየጠረገች ጋሞኛና አማርኛ እያቀላቀለች ትዘምራለች። እኔና ታናሽ እህቴ አልጋ ውስጥ ሆነን እንከተላታለን፤ የማንጎ አበባ ሽታ በመስኮት ይገባል፤ ግጥሙን እንዳሻን ስናበላሸው እሷ ከውጭ ሳቋን ትለቀዋለች። የእግዚአብሔር ሰላም ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ያንን ጠዋት ነበር የምነግረው።

አንድ በጋ መዝሙሩ ቆመ። እማዬ ከእትዬ አስቴር ጋር ተጣልታ ነበር። እትዬ አስቴር ኩልፎ ወንዝ ዳር ከሙዝ ማሳችን አጠገብ የሚያለሙ፣ በቤተ ክርስቲያንም ከእማዬ ጋር በአንድ የጸሎት ቡድን የነበሩ ወዳጃችን ናቸው። ተራው የእኛ በሆነ ቀን የመስኖው ውሃ ወደ እሳቸው ማሳ ዞሮ ተገኘ። እማዬ "ሆን ብላ ነው" አለች፤ እሳቸው "ቦዩ ራሱ ፈርሶ ነው" አሉ። ከዚያ ወዲያ በአንድ አግዳሚ ወንበር መቀመጥ ቀረ።

እማዬ በቤተ ክርስቲያን ከምትዘምርበት ከመዘምራኑ አልወጣችም። ቤት ስትገባ ግን ዝም ነው። ጾመች፣ ጸለየች፣ አገልጋዮችም መጥተው ጸለዩላት፤ ለውጥ የለም። አንድ ቀን ለአባባ፣ ለአባቴ አባት፣ "ሰላሜን አጣሁ፤ ስዘምር እንኳ አፌ ብቻ ነው" ስትላቸው ሰማኋት። በጣም ፈራሁ። እናቴ እግዚአብሔር የራቃት መሰለኝ፤ በዚያ ዕድሜዬ ከዚህ የባሰ ነገር ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር።

አባባ ደጋው ላይ ያለችው የገረሴ ሽማግሌ ነበሩ። ያኔ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ወርደው እኛ ጋ ከርመው ነበር።

በማግስቱ እሑድ የጌታ እራት ነበር። አባባ ከሁላችን ቀድመው ወጡ። ስንደርስ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው፣ በሁለት እጃቸው ርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከዋል። በጋሞ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ አልፎ መሄድ ነውር ነው፤ ጠብ እዚያው ይበርዳል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። አንዱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ተሳቅቆ "አባባ፣ ይሄ እኮ የድሮ ሥርዓት ነው፤ እዚህ አይሆንም" አላቸው።

"ሣሩን ማን ፈጠረ? ጌታ አይደለም ወይ?" አሉት።

ሰዉ ሳቀ፤ ሰውየውም ሳቀና ተወ።

እማዬ እያለቀሰች ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች። "አባባ፣ በጌታ ይነሱ!" እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። "ብቻሽን አትችይም" አሏትና ቀና ብለው እትዬ አስቴርን አዩ። እትዬ አስቴር መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል። ይመለሳሉ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ መጽሐፉን ለእኔ ሰጡኝና የአባባን ሌላኛውን ክንድ ያዙ፤ ሁለቱ ተጋግዘው አነሷቸው። ስለ ውሃው ማንም አላነሳም። "ማሪኝ" አለች እማዬ። "አንቺም ማሪኝ እህቴ" አሏትና ተቃቅፈው ተላቀሱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የአባባን ጉልበት አቧራ ያራግፉ ጀመር፤ አባባ "ቀስ በሉ፣ ያመኛል" እያሉ ይቆጣሉ።

ያን ቀን እማዬ አንድ መዝሙር እንኳ በቅጡ አልጨረሰችም፤ እንባዋ አላስዘመራትም። እኔ ግን ቤታችን መዝሙሩ እንደተመለሰለት ያን ጊዜ አወቅሁ፤ ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ እህቴን ጨምቄ አቀፍኳት።

አባባ ካረፉ ቆዩ። ዛሬ አዳራሹ ሰፍቷል፤ ኪቦርዱም ድምፅ ማጉያውም ሞልቷል፤ እኔም ከመዘምራኑ አንዷ ሆኛለሁ፤ ለዚህም ጌታን አመሰግናለሁ። አንዳንዴ የእኔም ዝማሬ የአፍ ብቻ ይሆንብኛል። ያኔ አዲስ መዝሙር ከመፈለጌ በፊት ማንን እንዳኮረፍኩ አስባለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ሩቅ አይደለም።

አምና እማዬ ታማ ሆስፒታል ተኛች። ልጠይቃት ስገባ እትዬ አስቴር አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እጇን ይዘው ይዘምሩላታል። እትዬ አስቴር ደግሞ ለዝማሬ አልተፈጠሩም፤ ዜማው አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይወድቃል። የተሳሳተ ዜማ ሰምታ ማለፍ የማትችለው እናቴ ዓይኗን ጨፍና፣ ፊቷ ፈክቶ፣ "ድገሚልኝ" ትላቸዋለች።