ሃያ ደቂቃ ስለ ሞንትሰራት

ማናሴ ጆበርግ ዳር ባለችው ኮዝሞ ሲቲ፣ በአንድ የተከራየ ጋራዥ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ አለው። ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦና ሻማ ሲሸጥ አሥራ አራት ዓመት ሞላው። ደንበኞቹ «ማይ ፍሬንድ» ይሉታል፤ ስሙን የጠየቀው የለም። ከዚያ በፊት ግን ሆሳዕና ከተማ የዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ያውም እንዴት ያለ! ጠመኔ ከጨበጠ አፍሪካን እጁን ከሰሌዳው ሳያነሳ ይስላታል። ሰማንያ ሰባት ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ስም ሲጠራ፣ በጓደኛው ፈንታ «አቤት» የሚለውን ቀጣፊ ከድምፁ ይለየው ነበር።

ታዲያ ምን አመጣው? ያመጣው ተማሪው ነው። ዓብዩ የሚባል፣ ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጦ የጠፋ ልጅ፣ ጆበርግ ገብቶ ሦስት ሱቅ ከፈተና መምህሩን አስጠራ። «ቲቸር፣ የስደተኛ ወረቀት ስትሞላ እውነተኛ ስምህን እንዳትሰጥ» ብሎ የመከረውም እሱ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም እንደዚያ ያደርግ ነበርና ማናሴ «ዱባለ» ብሎ አስመዘገበ። ፓስፖርቱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ዲግሪ ያለው ማናሴ ወረቀት የለውም፤ ወረቀት ያለው ዱባለ ደግሞ ክፍል ውስጥ ቆሞ አያውቅም።

ባለፈው ግንቦት ስልኩ ላይ አንድ ማስታወቂያ አየ። ሞንትሰራት የምትባል የካሪቢያን ደሴት ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ይፈልጋል። አመልካቹ ስለ ደሴቲቱ ሃያ ደቂቃ በቪዲዮ አስተምሮ ያሳያል። ማናሴ በእውነተኛ ስሙ አመለከተና ማጥናት ጀመረ።

ሚስቱ ፍሬገነት በአንድ ሳምንት ውስጥ ደሴቲቱ ሰለቸቻት። በእንግሊዝ ንጉሥ ስም አገረ ገዥ እንደሚሾምባት፣ ጠቅላይ ሚኒስትሯን ግን ሕዝቡ ከመረጣቸው ዘጠኝ ሰዎች መካከል እንደምታገኝ እሷም አወቀች። ባሎች ከሥራ ሲመጡ ወሬ ያመጣሉ፤ የእሷው ግን ሳሙና ለጠየቀው ሻማ እየሰጠ፣ ሰሜኑን ከደቡቡ እየለየ ያስረዳታል።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለችው አንድ ቀን። «ፓስፖርት ሲሉህ ማንን ልትልክላቸው ነው? ዱባለን?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። እንደማይሆን ከማንም በላይ እሱ ያውቃል፤ ይልቅስ የፈራው አንድ ነገር ነበር። እነዚያ ሃያ ደቂቃዎች ሳይደርሱ ወረቀት እንዳይጠይቁት።

ቀኑ ደረሰ፣ አልጠየቁትም። አንድ ትልቅ ካርቶን ቀዶ ግድግዳው ላይ ለጠፈ፣ ስልኩን ከዱቄት ከረጢት ላይ አስደገፈ፣ ንጹሕ ሸሚዙን ለበሰ። በስልኩ መስታወት ውስጥ መነጽር ያደረጉ የሃምሳ ዓመት ገደማ ሴት ታዩ፤ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ናቸው። «መምህር ማናሴ፣ ሲመችዎ ይጀምሩ» አሉት። በዚህ አገር በስሙና በማዕረጉ አንድ ላይ የጠራው ሰው አልነበረም። ከሰሉን ጨበጠ።

ደሴቲቱን በአንድ መስመር ሳላት። ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ቢሄዱባት በአንድ ቀን የምታልቅ መሆኗን ተናገረ። ከባሕር ማዶ የመጡ አየርላንዳውያን እንደሰፈሩባት፣ ከአፍሪካ የተጋዙት ባሮች ጌቶቻቸው የቅዱስ ፓትሪክን በዓል እያከበሩ ሲጠጡ ሊነሡ እንደተማከሩና ምስጢሩ ወጥቶ እንደተሰቀሉ፣ ዛሬ በዚያው ቀን የልጅ ልጆቻቸው እንደሚያስቧቸው አስረዳ። ድምፁ ከፍ እያለ ሄደ።

ይህን ጊዜ አንዲት ጎጎ የሚሏቸው የሰፈሩ አሮጊት ፍርግርጉን አንኳኩ። «ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦ!»

«ይጠብቁኝ እማማ፣ ክፍል ውስጥ ነኝ» አለ በእንግሊዝኛ። ደንበኛ ሲያስቆም የመጀመሪያው ነው። ጎጎም ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ቆመው ያዳምጡ ጀመር።

ከደቡብ በኩል ካርቶኑን በከሰል አጠቆረው። በፈረንጆቹ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አምስት እሳተ ገሞራው እንደተነሣ፣ ዋና ከተማዋ ፕሊመዝ በአመድ ተቀብራ ሰው እንደተሰደደባት፣ መንግሥት ለጊዜው ወደ ሰሜን፣ ወደ ብሬድስ መዛወሩንና ጊዜውም ሠላሳ ዓመት መሙላቱን ነገራቸው። «በሕግ ግን ዋና ከተማዋ ዛሬም ፕሊመዝ ናት» አለ። «እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ወረቀት ላይ ያለችው ናት እውነተኛዋ ወይስ ሰው የሚኖርባት?» ራሱን እንደጠየቀ የገባው ካፉ ከወጣ በኋላ ነው።

ርእሰ መምህርቷ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ የፕሊመዝ ልጅ ነኝ» አሉ። «ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር።» ከዚያም ጥያቄ እንዳለው ጠየቁት። ሌሎች አመልካቾች ስለ ደመወዝና ስለ ቤት ነበር የጠየቁት።

«ክፍሉ ስንት ተማሪ አለው?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ ብቻ!» ሳቀ። «ስማቸውን ይነግሩኛል?»

ሴትዮዋ በቃላቸው ነገሩት። እያንዳንዱን እየደጋገመ፣ አጠራሩን እያስተካከለ በካርቶኑ ጠርዝ ላይ ጻፈ።

በሁለተኛው ቀን መልእክት መጣ። መርጠውታል፤ የፓስፖርትና የዲግሪ ቅጂ በአሥር ቀን ይላክ ይላል። ማናሴ ዘጠኝ ቀን እህል አልበላ አለው። በአሥረኛው ቀን አመሰገነና ሌላ ሰው እንዲፈልጉ ጻፈ።

«እንደማይሆን እያወቅህ ለምን ራስህን አደከምክ?» አለችው ፍሬገነት። ልትቆጣ ነበር፣ ፊቱን ስታየው አንጀቷን በላት።

«ሃያ ደቂቃ ስለሰጡኝ ነው» አላት።

መስከረም ሲጠባ በሞንትሰራት ትምህርት ተከፈተ። የመጀመሪያው ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ማናሴ የሱቁን ሚዛን እየወለወለ ሳለ ድንገት እጁን አቆመ። እዚያ ገና ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው።

«ፍሬ» አላት። «አሁን ስም እየተጠራ ነው።»

«ማነው የሚጠራው?»

«ሌላ ሰው።»