የእሑዱ እንስራ

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ በቤቴ ያደረገውን በፊታችሁ እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልለመድኩም። የተማርኩትም እስከ ሦስተኛ ክፍል ብቻ ነው። ስናገር እንዳይጠፋኝ ብዬ በልጄ ደብተር ላይ ጽፌ መጥቻለሁና አቀርቅሬ ባነብ ታገሱኝ። ከቡራዩና ከሱሉልታ ለመጣችሁ ሰው ጨማምሮ ነግሯችሁ ይሆናል። እባቡ የሰው ቁመት ነበረው ያለም አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ክንድ ቢያህል ነው። የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ። ስሙ ይባረክ።

ጌታን ሳላውቅ ሥራዬ መፍራት ነበር። ሁለት ልጆቼን ኩፍኝ ወስዶብኛል። ሦስተኛዋ ጫልቱ ስትወለድ አንድ ክታብ በአንገቷ፣ ሌላ በወገቧ አሰርኩላት። እሑድ ለታቦት እሳላለሁ፣ ሐሙስ ቃልቻው ቤት እሄዳለሁ፤ ሁለቱም አንዳቸው ካንዳቸው ይስማሙ አይስማሙ አልጠየቅሁም። ልጅቷ ስትስቅ ትን ይላታል ብዬ እፈራለሁ፤ ዝም ስትል ታመመች ብዬ ግንባሯን እነካለሁ። አማቴ እማማ ዲንቂቱ አንድ ቀን አይተውኝ፣ ይቺን ልጅ በሽታ አይገላትም፣ አንቺ አቅፈሽ አፍነሽ ትገድያታለሽ አሉኝ። ተቀየምኳቸው። ነገሩ ግን እውነት ነበረው።

ባለቤቴ ቶሎሳ በዚያን ጊዜ ጠጪ ነበር። ከሰበታ ገበያ የሚመለሰው ሰው ደግፎት ነው። ኦቦ ዋቅጅራ የሚባሉ ሽማግሌ በቤታቸው ጸሎት ጀምረው ነበርና አንድ ቀን ዝናብ አባሮት እዚያ ተጠለለ። ተጠልሎ ሰማ፤ ሰምቶም አመነ። ከዚያ ወዲህ አረቄ በአፉ አልዞረም። ክብር ለጌታ ይሁን። እኔም አረቄ ያስጣለ አምላክ መቼም ደግ ነው ብዬ ተከተልኩት። ክታቡንም በጥሼ እሳት ውስጥ ጣልኩት። ፍርሃቱን ግን እሳት ውስጥ አልጣልኩትም ወገኖቼ። ይዤው ገባሁ።

ጥቂት ሰዎች ነበርን፤ ሠላሳ አንሞላም። ከመካከላችን አጥርቶ የሚያነብ ቶሎሳ ነው፤ ኦቦ ዋቅጅራ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ጎረቤት ደግሞ ያሾፍብን ነበር። አምላካችሁ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከማዘፈን ሌላ ምን ይችላል ይሉናል። ይህ ቶሎሳን አንገበገበው። አንድ ቀን በወንጌል ውስጥ የሚያምኑ ሰዎች እባብ ይይዛሉ የሚለውን ቦታ አነበበ። ግማሹን ቃል እያመንን ግማሹን ለምን እንዘለዋለን አለ። በሳምንቱ ወደ አዋሽ ወረደና ከቆላው ማሳ እፉኝት በባላ እንጨት ይዞ መጣ። በእንስራ ከቶ አፉን በአቡጀዲ አሰረው። ኦቦ ዋቅጅራም፣ እስቲ እናያለን አሉ። እናያለን ማለታቸው እንደ ፈቃድ ተቆጠረ።

እንዲህ ሆኖ ሥርዓታችን ሆነ። እሑድ ዝማሬው ሲያልቅ እንስራው ወደ መካከል ይመጣል። ቶሎሳ ይጸልያል፣ አቡጀዲውን ይፈታል፣ እጁን ያገባል። እፉኝቱ በመዳፉ ላይ እንደ ገመድ ይተኛል። ሌሎች ሦስት ወንድሞችም ከእሱ እጅ ይቀበሉታል። እልልታው ወደ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ሊያሾፉ የመጡ ጎረቤቶች አፋቸውን ይዘው ቆሙ፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ ቀሩ።

አሁን ያን ጊዜ ማንም ያላወቀውን ልናገር ነው።

እንስራው በሳምንቱ የሚቀመጠው በእኛ ቤት ነው። እሑድ ማለዳ ቶሎሳ ለጾም ጸሎት ቀድሞ ስለሚሄድ ተሸክሜ የማመጣው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ በብርድ ወር የድንጋይ ካብ ሲያፈርስ ከሥሩ እፉኝት ያገኝ ነበር። ያን ጊዜ እባቡ ደንዝዞ አይንቀሳቀስም፤ አባቴ በእንጨት አንስቶ ይወረውረው ነበር። እባብ ከበረደው እንደ ሞተ መሆኑን ከልጅነቴ አውቃለሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሬ ጎህ ሲቀድ እንስራውን ከቤታችን በታች ወዳለው ምንጭ እወስደዋለሁ። እስከ አንገቱ ነክሬ በድንጋይ አስደግፈዋለሁ። የሰበታን የማለዳ ውሃ ታውቁታላችሁ፤ አጥንት ይሰብራል። ሰው ሁሉ ገብቶ ዝማሬው ሲጋመስ አውጥቼ በነጠላዬ አደርቀውና ይዤ እገባለሁ።

አሥራ አንድ እሑድ እንዲህ አደረግሁ። ሰዎች የባለቤቴን እምነት ሲያደንቁ እኔም እልል አልኩ። ልቤ ግን በጌታ ላይ አልነበረም፤ በምንጩ ላይ ነበር። ባሌን ያተረፍኩ መስሎኝ፣ እሱንና ጉባኤውን ወደ ገደል እየገፋሁ ነበር።

ከዚያ ጫልቱ አሥራ አራት ዓመት ሞላት። አንድ ማታ እራት ላይ እጇን ታጥባ ሳትጨርስ፣ በሚመጣው እሑድ እኔም እይዛለሁ አለች። አባቷ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ከደስታ ነው። ለመንኩት። ሕፃን ናት አልኩት። እምነት በዕድሜ አይለካም አለኝ። ልጅቷን ለብቻዋ ይዤ ለመንኳት። እሷም፣ «እማዬ፣ አንቺ አባባ ሲይዝ እልል ትያለሽ። እኔ ስይዝ ለምን ታለቅሻለሽ?» አለችኝ። መልሱ ምንጩ ነበራ። በዚህ እሑድ ቀድሜ እነክረዋለሁ፣ ረዘም አድርጌ አቆየዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

እሑድ ጎህ ሳይቀድ ነከርኩት። አማቴ የልጅ ልጃቸውን ለማየት ከመናገሻ በኩል ይመጡ ስለነበር፣ ልቀበላቸው ወደ መንገድ ወጣሁ። እሳቸው በእኔ ላይ ተቆጥተዋል፤ እግራቸውም ያማቸዋል። አሥር እርምጃ ሄደው ይቆሙና ይናገራሉ። «ልጄ ያበደው ይበቃ ነበር፤ አሁን ደግሞ የልጅ ልጄን?» ይሉኛል። ዘገየን። ምንጩ ጋ ስደርስ እንስራው የለም።

እየሮጥኩ ጸሎት ቤት ስደርስ ዝማሬው እያለቀ ነው። ጫልቱ በር ላይ ነጭ ነጠላ ለብሳ ጠበቀችኝ። በጆሮዬ፣ «እማዬ፣ ጎረቤቶች እንስራውን ምንጭ ውስጥ ጥለውት ውሃ ስቀዳ አገኘሁት። እንዳይሞት ብዬ እዚህ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ አሞቅሁት። አሁን እፍ እፍ ሲል ይሰማል» አለችኝ። ደስ ብሏታል። እኔን ያስደሰተች መስሏት ነበር።

እንስራው ወደ መካከል መጣ። ወገኖቼ፣ በዚያች ደቂቃ ሁለት ነገር ብቻ ነበረኝ። ዝም ካልኩ ልጄ እጇን ታገባለች። ከተናገርኩ ባሌ በሰው ሁሉ ፊት ይዋረዳል፣ እኔም አታላይ እባላለሁ። የሚያድን ሰበብ ፈለግሁ። አመመኝ ልበል፣ ልውደቅ፣ እንስራውን ልስበር ብዬ አሰብኩ። ሁሉም ሌላ ማታለል ነው። ጫልቱ እጅጌዋን ሰበሰበች። ያኔ ተነሣሁ።

«ልጄ ሆይ፣ እጅሽን መልሺ» አልኩ። «እስከ ዛሬ ያልነደፈው ስለቀዘቀዘ ነው። እሑድ እሑድ ምንጭ ውስጥ የነከርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ሞቋል።»

ቶሎሳ ፊቱ አመድ መሰለ። ይህ የፈሪ ሴት ወሬ ነው አለ፤ ድምፁ ግን የራሱ አልነበረም። ልጅቷን በክንዱ ወደ ኋላ አደረጋትና፣ ማንም ሳይከለክለው እጁን እንስራው ውስጥ ከተተ።

ሲነድፈው አልጮኸም። እጁን አውጥቶ አየው። እንስራው ተገልብጦ እፉኝቱ ወደ ሴቶቹ ሲወጣ ሰው ሁሉ በመስኮት በበር ፈሰሰ። እማማ ዲንቂቱ ብቻ አልሮጡም፤ እግራቸውም አያስሮጣቸውም። በምርኩዛቸው ሦስት ጊዜ መቱትና፣ «ይኸው፣ እኔም ያዝኩት» አሉ።

እጁ ዓይናችን እያየ አበጠ። ወደ ሐኪም እንውሰደው ስል አንዳንዶቹ፣ አሁን ከሄደ ምስክርነታችን ይጠፋል አሉ። እሱም አልሄድም አለ። ኦቦ ዋቅጅራ ወደ ኋላ ቆመው ነበር። መጥተው አጠገቡ ቁጭ አሉና፣ «ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እናያለን አልኩ እንጂ አይሆንም አላልኩም። አሁን አይሆንም እላለሁ። ተነሥ» አሉት። አማቴም ጨመሩበት፤ «እባቡን ለመያዝ አንተ በቃህ። አንተን ለመሸከም ግን አራት ሰው ያስፈልጋል፤ ሳትከብድ ተነሥ» አሉት። በአልጋ ተሸክመን የጅማ መንገድ ላይ አወጣነው። ድንጋይ የጫነ ካሚዮን ቆመልን። ሾፌሩ ምን እንደነደፈው ጠየቀ እንጂ እንዴት እንደነደፈው አልጠየቀም። ጌታ ይባርከው።

አዲስ አበባ ሆስፒታል ስንደርስ ክንዱ እስከ ብብቱ ጠቁሮ ነበር። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ነርሷ እየተረጎመች ነገረችኝ። ለመርዙ የሚሆን መርፌ አለ፣ ተሰጥቶታል፣ ዘግይታችኋል፤ ክንዱ ምናልባት ይቆረጣል፣ ነፍሱንም አናውቅም አለች። ተስፋ አትስጪ ብሏት ነበር መሰለኝ፣ ስትነግረኝ ጫማዬን ነው የምታየው።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር። ከጫልቱ ጋር ተቀመጥን። እኔ በሕይወቴ ሁልጊዜ የማደርገው አንድ ነገር ነበረኝ፤ ክታብ አስራለሁ፣ ስለት እሳላለሁ፣ እንስራ እነክራለሁ። በዚያ ኮሪደር የማደርገው ነገር አልነበረኝም። እጄ ባዶ ሆነ። በዚያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የጸለይኩት። ጌታ ሆይ፣ እኔ ፈሪ ነኝ፤ በአንተ ስም እልል እያልኩ በአንተ አላመንኩም፤ ብትሰጠኝም ብትወስደውም ካሁን በኋላ ከአንተ የምደብቀው የለኝም አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ወንድሞቼ፣ ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ግን ብቻዬን አልነበርኩም። ከእኔ ጋር ሰው የተቀመጠ ያህል ነበር። ጫልቱ በትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እኔም ግንባሯን ለመንካት እጄን አላነሣሁም። ሃሌሉያ።

በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ቆመ። በአምስተኛው መውረድ ጀመረ። ሐኪሙ ክንዱን ገልብጦ ገልብጦ አየና ለነርሷ አንድ ነገር ነገራት። እሷም እየሳቀች፣ «ትናንት የመቁረጫውን ሰዓት ይዞለት ነበር። ዛሬ ሰርዞታል» አለችኝ። ሁለት ጣት ብቻ ተቆረጠበት። መርፌውም የጌታ ነው፣ ሐኪሙም የጌታ ነው፣ የተረፈው ክንድም የጌታ ነው። ክብሩን ይውሰድ።

ቶሎሳ መናገር ሲችል መጀመሪያ የጠየቀኝ ስንት እሑድ ነከርሽው ብሎ ነው። ሁሉንም አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትቶኛል፣ ከእንግዲህ ቤት የለኝም ብዬ ቁጭ አልኩ። ብዙ ቆይቶ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ የሚያለቅስ መሰለኝ። ለካ እየሳቀ ነው።

«ታዲያ ያ ሁሉ እልልታ ለምንጩ ነበራ» አለ።

ከዚያ ሳቁን ተወ። «እኔም ልንገርሽ» አለኝ። «ስይዘው ሰውነቱ ይቀዘቅዘኝ ነበር። እንስራውም ርጥብ ነበር። አንድ ነገር እንዳለ አውቄያለሁ። አልጠየቅሁሽም፤ ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

እኔ ብቻዬን የምፈራ መስሎኝ ሃያ ዓመት ከፈሪ ጋር ተኝቻለሁ ወገኖቼ። በዚያ አልጋ ላይ ተቃቅፈን ጸለይን። ከሆስፒታል ስንወጣ እሑድ ጉባኤው ፊት ሁለታችንም ቆመን ይቅርታ ጠየቅን። እባብ አይተው የገቡት ጎረቤቶች ይሄዳሉ ብለን ነበር። ሁለቱ ሄዱ። ሌሎቹ ቀሩ። አንደኛው፣ እባብ የሚይዝ ሰው አይቻለሁ፤ በሰው ፊት ጥፋቱን የሚናገር ግን አላየሁም ነበር አለ። ኦቦ ዋቅጅራም እምነት ጌታን መፈተኛ እንዳልሆነ አስተማሩን፤ ቃሉንም አሁን ከላይ ጀምረን እስከ ታች፣ ሳንቸኩል እናነባለን። ቶሎሳ በቀሩት ጣቶቹ ገጹን ሲገልጥ ሳየው ልቤ ይሞቃል።

ዛሬ ደህና ነኝ። ቤቴ ሰላም ነው። አማቴም ጌታን ተቀብለዋል፤ አሁንም ይቆጡኛል፣ እሱ አልተለወጠም።

ከመቀመጤ በፊት አንድ ነገር ልበል። በመካከላችሁ ስለ ልጇ የምትሰጋ እናት ካለች፣ ስለ ቤቱ የሚጨነቅ አባት ካለ፣ አትፍሩ አልላችሁም፤ እኔም እፈራለሁ። ፍርሃታችሁን ግን ከጌታ አትደብቁት፣ እርስ በርሳችሁም አትደባበቁት። ንገሩት። ከእናንተ የሚጠብቀው ብርታት አይደለም፤ እውነቱን ነው። እመኑት። እኔ ተማምኜበት አላፈርኩም።

የሱሉልታ ወንድሞችና እህቶች፣ በጸሎት ቤታችሁ ሴቶችን ፊደል የምታስተምር ልጅ ፈልጋችሁ ጫልቱን እንድልክላችሁ ጠይቃችሁኛል። ሦስት ሳምንት መልስ ሳልሰጣችሁ ቆየሁ። መልሴ ይኸው፤ ሰኞ ከእናንተ ጋር ትሄዳለች። አገሩ ብርድ ነው፣ ጋቢ ደርቤላታለሁ። ከዚህ በላይ የማደርግላት የለኝም። የቀረው የጌታ ነው። ስሙ ይባረክ።