ከተቆረጠው ዋንዛ የመጡ ወፎች

አከራዬ ዋንዛውን ያስቆረጡት፣ ጣሪያሽ ላይ ይወድቃል ብለው ነው። እውነት ለመናገር አላመንኳቸውም። የዛፉ ግማሽ ጎን ደርቋል፤ ይህን ማንም ያያል። ግን በዚያው ሰሞን አንድ የጣውላ ነጋዴ ግቢያችን ገብቶ ግንዱን በክንዱ ሲያቅፍና ሲለካ አይቼው ስለነበር፣ የታሰበው ለኔ ጣሪያ እንዳልሆነ በሆዴ ያዝኩ።

የምኖረው ሚዛን ተፈሪ ነው። የጌጫ ልጅ ነኝ፤ ለሥራ ብዬ እዚህ ቀረሁ። ከዩኒቨርሲቲው መንገድ ዳር ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ፤ ቤቴ ደግሞ ከአከራዬ ዋና ቤት ጀርባ ያለች አንድ የሰርቪስ ክፍል ነች። አከራዬ ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ዕድሜያቸውን ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቃል የማያባክኑ ሽማግሌ ናቸው። ከኔ ቀጥሎ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ከወልቂጤ በኩል የመጣች፣ ገበያ ውስጥ ልባሽ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ነች። በግቢው ያለነው ሦስታችን ብቻ ነን።

ግንዱ ሲወድቅ ከመሬቱ ጋር የኔም አልጋ ተንቀጠቀጠ። ስወጣ ቆራጮቹ ግንዱ ላይ ያለ አንድ ጉድጓድ ከበው ቆመዋል። ደረቁ ጎን ውስጥ፣ ሣርና የላስቲክ ቁራጭ በተነጠፈበት ቀዳዳ፣ ዓይናቸው በቅጡ ያልተገለጠ ሦስት ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተው ይጮኻሉ። እናታቸውን አውቃታለሁ፤ ሚዛን ውስጥ የማያውቃት የለም። ጥላ ውስጥ ጥቁር ነች፣ ፀሐይ ሲያገኛት ሰማያዊና አረንጓዴ ታብለጨልጫለች። ስሟን ግን የሚጠራልኝ ሰው አላገኘሁም፤ ሁሉም "ያቺ የምታብለጨልጨው" ነው የሚላት።

"ለድመት ይሆናሉ" አለ አንደኛው ቆራጭ።

ከሱቅ ያመጣሁትን የወረቀት ካርቶን ይዤ መጣሁና አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። አከራዬ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያዩኛል።

"ምን ልታደርጊያቸው ነው?"

"ላሳድጋቸው ነው ጋሼ።"

"አሳድገሽስ?"

"መብረር ሲችሉ እለቃቸዋለሁ።"

ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። "ወፍ ደግሞ ሰው ቤት ያድጋል?" አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

አንዱ ጫጩት በማግስቱ ሞተ፤ ሲወድቅ ተጎድቶ ይሆናል። የቀሩትን ሁለቱን ታላቋና ታናሿ አልኳቸው፤ አንደኛዋ ትንሽ ገዘፍ ስለምትል ነው። ሥራቸው ይህ ነው አይባልም። ገና ጎሕ ሲቀድ ይጀምራሉ፤ አብልቼ እጄን ሳልታጠብ እንደገና አፋቸውን ይከፍታሉ። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ከበሰለ ፓፓያ ጋር እያሸሁ በወረንጦ አጎርሳቸው ነበር። ሥጋ የሚሆናቸው ነገር ሲያስፈልግ ምስጥ እየቆፈርኩ፣ ከቡና ማጠቢያው ጀርባ ከተከመረው የበሰበሰ የቡና ገለፈት ውስጥ ትል እየለቀምኩ አመጣላቸዋለሁ። ያ ገለፈት የሚሸተውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሽታው ከልብሴ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ስልኬ ላይ ፈልጌ ባነበብኩት መሠረት፣ ውኃ በቀጥታ አላጠጣቸውም፤ ሳንባቸው ይገባል ይላል። ከምግባቸው ጋር ነው የሚያገኙት። ካርቶኑን አቅፌ በባጃጅ ሱቅ እሄዳለሁ፣ ማታ አቅፌ እመለሳለሁ።

ጎረቤቴ መጀመሪያ ሰሞን እያየች ታልፍ ነበር። አንድ ቀን ልብስ ስናጥብ፣ ሳታየኝ፣ "ላባቸውን ለምንድን ነው የምትፈልጊው?" አለችኝ።

"ምን ላባ? ላባ አልፈልግም።"

"እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።"

ምን እንደጠረጠረች ወዲያው ገባኝ። ብቻዋን የምትኖር ሴት፣ ጥቁር ወፍ፣ የተዘጋ ካርቶን። የመተት ወሬ ለመነሳት ከዚህ በላይ አይፈልግም። ተቀየምኩ፤ ልብሴን ማጠቤን ቀጠልኩ።

ከዚያ ደግሞ ሱቅ አንድ የማላውቀው ሰው መጣ። ኮፒ የሚደረግ ወረቀት አልያዘም። ካርቶኑን አይቶ፣ ተማሪዎቹ እስኪወጡ ጠብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እህቴ፣ አንዷን አትሰጪኝም?" አለኝ።

"ለምን?"

"ለመድኃኒት ነው። የታዘዘልኝ ነው።"

አልሰጥም አልኩት። ሰውየው አልተቆጣም፤ ካርቶኑን ብቻ አየት አድርጎ ወጣ። ያ አስተያየቱ አስፈራኝ። ወፎቹም ላባ አውጥተው በራሳቸው መልቀም ጀምረው ስለነበር፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ተውኳቸው። ከዶሮ ሽቦ ሰፋ ያለ ሳጥን አሠራሁላቸው፤ በሩን በሲባጎ አስረዋለሁ፣ ክፍሌን እቆልፋለሁ፣ ለምሳ መጥቼ አይቻቸው እመለሳለሁ።

ችግሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ስመጣ የሳጥኑ ሲባጎ የታሰረው በኔ አስተሳሰር አልነበረም። እኔ ቀለበት አድርጌ ነው የምቋጥረው፤ ይህ ድርብ ቋጠሮ ነው። ረስቼ ይሆናል አልኩ። ሌላ ቀን ሳጥኑ ወለል ላይ የፓፓያ ፍሬ አገኘሁ፤ እኔ ግን በዚያ ሳምንት ፓፓያ አልገዛሁም። መስኮቱን አየሁ፣ ተቀርቅሯል። በሩ አልተሰበረም። ዕቃዬ አልተነካም። ሌባ ቢሆን ምን ሊሠራ ገብቶ ይወጣል? ሐሳቤ ሁሉ ግድግዳ ወደምንጋራው ወደ ጎረቤቴ ሄደ። ያ ሰው እሷ ጋ ሄዶ ቢሆንስ? ለአንዲት ወፍ ብሎ አንድ ነገር ቃል ገብቶላት ቢሆንስ?

ታናሿን ታማ ያገኘኋት በዚህ መሐል ነው። ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ጥግ ይዛለች። ከሥሯ ያለው ወረቀት በቀጭን ተቅማጥ ርሷል። በምንቃሯ ጠርዝ የደረቀ ነጭ ነገር አለ። በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ አሸተትኩት፤ ኮምጠጥ ይላል። መርዝ ነው አልኩ። ደረቴ ላይ አድርጌ ላሞቃት ሞከርኩ፤ እዚያው እጄ ላይ ሞተች።

በጨርቅ ጠቅልዬ ልቀብራት ስወጣ አከራዬ በረንዳቸው ላይ ነበሩ።

"ምንድን ነው?"

"ታናሿ ሞተች።"

ከመቀመጫቸው ተነሡ። "ሞተች? ምን ሆና?" አሉ፤ ጨርቁን ገልጬ እንዳሳያቸው ለመኑኝ። ስለ ወፎቹ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም ነበርና ነገሩ ገረመኝ። አሳየኋቸው። አይተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ጎረቤቴን ሰላም ማለት ተውኩ። እሷም አልጠየቀችኝም፤ ይህንንም የጥፋተኛ ምልክት አድርጌ ቆጠርኩት። ጠዋት ስወጣ ከክፍሌ በር ግርጌ ከመቃኑ እስከ መቃን ቀጭን ክር እወጥራለሁ። አንዳንድ ቀን ስመለስ ተበጥሶ አገኘዋለሁ። እሷ ግን በዚያ ሰዓት ገበያ መደቧ ላይ እንደምትውል አውቃለሁ፤ አንድ ሁለቴ ሆን ብዬ በዚያ በኩል አልፌ አይቻታለሁ። ታዲያ ማን ነው?

መልሱን ያመጣችው ታላቋ ነች። እነዚህ ወፎች የሰሙትን ይቀዳሉ። የባጃጅ ክላክስ፣ የጎረቤቴን የውኃ ጀሪካን ክዳን ሲጢጥ የሚለውን ሁሉ ታሰማኝ ነበር። አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ልብስ ሳጣጥፍ፣ ከኋላዬ አንድ ወንድ ጉሮሮውን ጠረግ አደረገና በምላሱ ጽ፣ ጽ፣ ጽ አለ። ልብሱ ከእጄ ወደቀ። ዘወር ስል ሰው የለም። ታላቋ አንገቷን አስረዝማ እንደገና ጉሮሮዋን ጠረገች።

ድምፁ የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ቧንቧው ጋ ውኃ ሲቀዱ፣ በር ሲከፍቱ፣ ሊናገሩ ሲሉ በየቀኑ እሰማዋለሁ። የአከራዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የወፍ መሆኑ ቀረ። እኔ በሌለሁበት ቤቴ የሚገባ ወንድ አለ፤ ቁልፍም አለው። ሻንጣዬን ፈተሽኩ። የውስጥ ልብሴን ቦታ ቀየርኩ። ማታ ማታ ጠረጴዛውን በሩ ላይ አስጠግቼ መተኛት ጀመርኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሽማግሌ ላይ ይህን የመሰለ ነገር ምን ብዬ አነሳለሁ?

አንድ ረፋድ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ሲቆም ሱቁን ዘጋሁና በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። የክፍሌ በር ገርበብ ብሏል። ገፋ አደረግኩት። አከራዬ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት አድርገውታል። ታላቋ ጉልበታቸው ላይ ቆማ ከእጃቸው ፓፓያ ትለቅማለች።

"ጋሼ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?"

ሊነሡ ብለው ወፏ እንዳትደነግጥ መልሰው ተቀመጡ። "ርቧት ነበር" አሉ።

"እንዴት ገቡ?"

"ትርፍ ቁልፍ አለኝ።"

"ስንት ጊዜ ገብተዋል?"

"አልቆጠርኩትም።" ዓይናቸውን ከወፏ አላነሡም። "ግንዱን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ጉድጓዱን አይቼው ነበር፤ ባዶ መስሎኝ ነው። አንቺን እንዳልጠይቅሽ ደግሞ... ሽማግሌ ወፍ ያጫውታል ሊባል ነው። እናታቸው እስካሁን አጥሩ ላይ እየመጣች ስትጮህ እሰማለሁ።"

ከእግራቸው አጠገብ አንድ ስኒ አየሁ። "ይሄስ ምንድን ነው?"

"ዳቦ በወተት። ታናሿ በጣም ትወደው ነበር።"

ነጩ ነገር፣ ኮምጠጥ ያለው ሽታ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ግልጽ ሆነልኝ። ልተወው ብዬ ነበር፤ ግን ታላቋም ከስኒው ልትበላ ነው።

"ጋሼ፣ ወፍ ወተት አይስማማውም። ሆዱ አይችለውም።"

ቶሎ አልገባቸውም። ስኒውን አዩ፣ እኔን አዩ። "ያን ቀን ጠዋት ሰጥቻት ነበር" አሉ ቀስ ብለው። ወፏን አንስተው ሳጥኑ ላይ አስቀመጡ፤ ስኒውን ይዘው ወጡና አጥሩ ሥር ደፉት። እንደቆሙ ቀሩ።

አዘንኩላቸው። ንዴቴ ግን አልበረደም። ተከትያቸው ወጣሁና "ቁልፉን ይስጡኝ" አልኳቸው። ከቁልፎቻቸው ቀለበት ላይ ለማውጣት ቆዩ፤ እኔም አላገዝኳቸውም። ቁልፉን ከሰጡኝም በኋላ ሻንጣዬን ዳግመኛ ፈተሽኩ። ምንም አልጎደለም። እንዲያም ሆኖ በማግስቱ ቁልፉን አስቀየርኩ።

ጎረቤቴ ሠራተኛው በሩን ሲፈታ አየችና ቀረበች። ከብዙ ጊዜ በኋላ መነጋገራችን ነው።

"ተጣላችሁ?" አለችኝ።

"ከማን ጋር?"

"ከጋሼ ጋር ነዋ። አንቺ ሳትኖሪ ሲገቡ ሲወጡ አያለሁ፤ ዕቃ ረስቼ ከገበያ ስመለስ። ፓፓያ በፎጣ ሸፍነው ነው የሚገቡት። ቁልፉን የሰጠሻቸው አንቺ መስለሽኝ ነበር።"

ምን ለማለት እንደፈለገች ሲገባኝ ፊቴ ጋለ። "እኔና ጋሼ?"

"ታዲያ ምን ልበል? ለዚህ ነው ዝም ያልኩሽ። የሰው ጉዳይ ነው ብዬ።"

ለወፎቹ እንደነበር ስነግራት መጀመሪያ አላመነችም፤ ከዚያ ግንቡን ተደግፋ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። በሳቁ መሐል "እኔ ደግሞ ወፌን የመረዝሽብኝ አንቺ መስለሽኝ" አልኳት። ሳቋ ተቋረጠ።

"እኔ? እኔ ወፍ የምመርዝ ሰው ነኝ?"

እንደዚያ ማለቴ አይደለም ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ፤ ነገሩን አባባሰው። እንደገና ሰላም እስክትለኝ ድረስ ሰነበተች። ዛሬ ተጠራርተን ምሳ እንበላለን፤ ያን ቀን ግን አንስታው አታውቅም፣ እኔም አላነሣውም።

አከራዬ ከዚያ በኋላ እኔ ስኖር ብቻ በር አንኳኩተው ይመጡ ነበር። ፌንጣ በጠርሙስ ይዘው ይመጣሉ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ያበሏታል፣ ወደ ውስጥ አይገቡም። ታላቋ ክፍሉ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ መብረር ስትጀምር ጊዜው መድረሱን ሁለታችንም አወቅን። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሾላ ፍሬ ይዞ፣ መሰሎቿ መንጋ ሆነው እየመጡ ነበር። አንድ ጠዋት ሳጥኑን አውጥቼ ከፈትኩት። ቆርቆሮው ላይ ወጣች፤ ብዙ ቆየች። ማታ ተመልሳ ሳጥኗ ውስጥ ገባች። ለጥቂት ቀናት እንዲህ ስትወጣ ስትገባ ከርማ፣ አንድ ማታ አልመጣችም።

"ያ ሰውዬ ይዟት ይሆናል" አሉ አከራዬ። ስለ መድኃኒቱ ሰው ነግሬያቸው ነበር። እኔም እንደዚያ ነው የጠረጠርኩት። ሰውን የማትፈራ ወፍ ለመያዝ እጅ መዘርጋት ብቻ ነው። ገበያ ሄጄ ደረቅ መድኃኒት የሚሸጡበትን ጥግ ዞሬ አየሁ፤ ሥርና ቅጠል እንጂ ላባ አላገኘሁም። አንዱ ሻጭ ምን እንደምፈልግ ቢጠይቀኝ ምንም አልኩትና እሱም በጥርጣሬ አየኝ።

ከሳምንታት በኋላ ወደ ሸኮ ለመሄድ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ከመናኸሪያው አጥር ላይ የሚያብለጨልጩ ወፎች ሰፍረው አየሁ። አንደኛዋ ከሌሎቹ ዝቅ ብላ ተቀምጣለች። ጠጋ ብዬ ታላቋን ስጠራበት እንደነበረው በከንፈሬ ጠራኋት። አንገቷን ሰበር አድርጋ ባንድ ዓይኗ አየችኝ። አንድ እርምጃ ስጨምር ከመንጋው ጋር ብርር ብላ ሄደች።

ስመለስ ለአከራዬ ነገርኳቸው።

"እሷ ነች?" አሉኝ።

"አላውቅም ጋሼ።"

"እሷ ብትሆን እጅሽ ላይ ትመጣ ነበር።"

እኔ የተመኘሁት ግን እሷው ሆና፣ ሰው መፍራት ስለተማረች ሸሽታኝ እንዲሆን ነው።