በስቱኮ የደፈንኩት ስንጥቅ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም ስንቱን ሌላ ኃጢአት ስዘረዝርላቸው ይህችን ዘልያታለሁ። አሁንም ልጽፈው ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። እናንተ አታውቁኝምና ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ አምቦ ውስጥ በያጅ ነበርኩ። አንድ ቀን ኦቦ ቶሌራ የሚባሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ፊልም አንሺ ይዘው ብየዳ ቤቴ መጡ። ሰውየው እስከ እጃጂ ያለውን መንገድ ከመኪና ውስጥ ሆኖ ሊቀርጽ ፈልጓል። ካሜራውን ላንድሮቨሩ ዳሽቦርድ ላይ የሚያቆም ነገር ሥራልን አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አላውቅም ማለት ግን ለእኔ ሞት ነበር፤ "ቀላል ነው" አልኩ።

ከአሮጌ አልጋ ብረት ቆርጬ እግርና አንገት አበጀሁለት፤ መኪናው ሲንቀጠቀጥ እንዲያበርድለት ከሥሩ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ላስቲክ አነጠፍኩ። እውነቴን ነው፣ ያምር ነበር። አንገቱን በይጄ ሲቀዘቅዝ ግን ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ። እኔ አየኋት፤ ሌላ ሰው አላያትም። እንደገና ልበይድ ስል መብራት ሄደ። "ነገ ኑ" ብል ምን ነበረበት? ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው ፊት እንዴት ብዬ! የመኪና ገላ በምንደፍንበት ስቱኮ ስንጥቋን ደፈንኩ፤ እስኪደርቅ ድረስ ሻይ ጋበዝኳቸው። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ጥቁር ቀለም ቀባሁት።

ጉደርን አልፈው ኮረኮንቹ ላይ ሲደርሱ አንገቱ ተቆረጠ። ካሜራው ወድቆ ከጥቅም ውጭ ሆነ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ንብረት እንዲሁ አይሰበርም፤ አሻጥር ተባለና ኦቦ ቶሌራ ታሰሩ።

መርማሪዎቹ እኔንም ጠርተው የተሰበረውን ብረት አሳዩኝ። ስቱኮው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ከመካከላቸው ግን ብረት የሚያውቅ አልነበረም። "ሥራዬ ጤነኛ ነው። ሲበሩ ሄደው ጉድጓድ ውስጥ ከተውት ነው" አልኩ። እኔ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ግን ወለምታም አልነበረ፣ አስቤበት ነው የተናገርኩት። ፈርቼ ነው ልበል? ፈርቻለሁ። አምስት ልጆች ቤት ትተው የታሰሩት እሳቸውስ አልፈሩም?

ሦስት ወር ታስረው ወጡ። ሁለተኛ መሪ እንዳይጨብጡ ተከልክለው እዚያው መሥሪያ ቤት በር ላይ ዘበኛ ሆኑ። በተፈቱ በሳምንቱ ወደ እኔ መጡ። ሊጮኹብኝ መስሎኝ መዶሻዬን ከእጄ አልለቀቅኩም። ጴንጤ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ።

"አካም ጅርታ፣ ግርማ" አሉኝ። "እስር ቤት ሆኜ ጸለይኩበት። ቀስ ብዬ የነዳሁ ይመስለኝ ነበር። አንተ ግን ብረት ታውቃለህ፤ ፈጥነዋል ካልክ ፈጥኜ ይሆናል። የደከምክበትን ሥራ አበላሸሁብህ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።"

እዚያው መናገር እችል ነበር። ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና፣ አባቴ የሚሆኑትን ሰው ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ "ግድ የለም፣ ይቅር ብዬዎታለሁ" አልኳቸው።

ኦቦ ቶሌራ ዛሬ በሕይወት የሉም። ያኔ መዋሸቴን ፍርሃት ነው ብል የሚያዝንልኝ ሰው አላጣ ይሆናል። ይቅር ብዬዎታለሁ ማለቴንስ ምን ልበለው? በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ አመስግነውኝ ነው የሄዱት።