የግንቦት ሚካኤል ቀን ሽያጭ

የእታገኝ ምግብ ቤትና መኖሪያ አንድ ነው። ሰቆጣ፣ ከመናኸሪያው በታች፣ በፊት ለፊቱ ክፍል ሽሮና ጥብስ ትሸጣለች፤ በጓዳው ከባሏ ከመልሰውና ከልጆቿ ጋር ታድራለች። ይህን የማያውቁት ግብር ገማቾች ብቻ ናቸው። ነገሩን ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

በ1995 ዓ.ም. የግንቦት ሚካኤል ማኅበር ተራው የእሷ ነበር። እኔም ጎረቤቷም ማኅበርተኛዋም ስለሆንሁ በሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ሰዉ ከቤት ተርፎ ደጅ ሞልቷል። ቄስ አሥራተ ማርያም ጸሎት አድርሰው ጠላው መዞር ሲጀምር ገማቾቹ ከች አሉ። መሪያቸው ከሌላ ዞን ተመድቦ የመጣ አንዷለም የሚባል ወጣት ነው።

በሚካኤል ዝክር ላይ የደረሰ ሰው ሳይቀምስ አይሸኝም። እታገኝ ከኛ አስቀድማ ለእነሱ አቀረበች። በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ። አንዷለም ሲወጣ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና ወረቀቱ ላይ ጫር ጫር አደረገ።

ሰኔ መጨረሻ ግምቱ ሲለጠፍ የዕለት ሽያጯ ተብሎ የተጻፈው ያ ሁሉ ማኅበርተኛ የበላው ነበር። ያውም ዓመቱን ሙሉ፣ ጾሙን ጨምሮ! ግብሩን ከየት አምጥታ ትክፈል? ካልከፈለች ደግሞ ምግብ ቤቱ ይታሸጋል።

አቤት ልትል ስትሄድ ተከተልኋት።

«መዝገብ ወይም ደረሰኝ ካለዎት ያምጡ፣ እትዬ» አላት አንዷለም።

«ትንሽ ነጋዴ መዝገብ መያዝ አይገደድም ያላችሁን እናንተው አይደላችሁም? ደግሞስ ገበሬዋ ማንጠግቦሽ ከደሃና ወረዳ በአህያ ጭና ለምታመጣልኝ ገብስ ደረሰኝ ከየት ታምጣ?»

«እኛ ያየነውን ጻፍን። ቤቱ ሞልቶ ነበር።»

«ማኅበርተኛ ነዋ! አንተስ ከፍለህ ነው የበላኸው?»

 ቅጹን ገልጦ እያየ፣ «ቅጹ ላይ ስለ ማኅበር የሚጻፍበት ቦታ የለም» አለ። በቃ፣ መልሱ ይኸው ነው!

ባሏ መልሰው ያለችውን አንዲት ላም ሸጠና ግብሩን ከፈሉ።

በዓመቱ ተራዋ ሲደርስ እታገኝ የራሷን በር ቆልፋ ድግሱን እኔ ቤት ይዛው መጣች። «ዳግመኛ ቤቴ ሞልቶ አይዩብኝ» አለችኝ። ከተበላ ከተጠጣ በኋላ ቄስ አሥራተ ማርያም እንደ ልማዳቸው ተነሥተው፣ «ሚካኤል ይህን ቤት ይጠብቀው፣ ሙሉ ያድርገው» ብለው መረቁ። የመረቁት የኔን ቤት ነው። የደከመችው እሷ!  እታገኝ ግን የጠላ መቅጃዋን እንደያዘች «አሜን» አለች።