ጋሽ ኑሩና ያላለቀችላቸው ጂፕ

የልጅ ልጄ ናትናኤል አሮጌ ጂፕ በጅቡቲ አስገብቶ ዘንዘልማ ግቢያችን ውስጥ አቁሟታል። የኋላ ወንበሯን ነቅሎ አልጋ እየሠራላት ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ጣናን እየዞረ ሊያድርባት። ትናንት ዝናብ የመታው ሸራዋ ፀሐይ ሲያገኘው ሽታው መጣ። እርጥብ ሸራና የተቃጠለ ዘይት። በቁሜ ቀረሁ። ጋሽ ኑሩ ትዝ አሉኝ።

ጋሽ ኑሩ ልጅ ሳለሁ ፋሲሎ ሰፈር ጎረቤታችን ነበሩ፤ ሸራና ገመድ ይነግዳሉ። ሚስታቸው ሞታ ትውልድ አገሯ፣ ከጣና ማዶ ደልጊ ተቀብራለች። የቀረቻቸው ልጃቸው ዘይነባ ብቻ ነበረች፤ እኩያዬ፣ ጓደኛዬ። አከርካሪዋን ስለታመመች መቀመጥ አትችልም፤ ጋደም እንዳለች ትውላለች። ጀልባ ደግሞ ሲንጣት ሕመሙን ያብስባታል። የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ የእናቷን መቃብር ማየት።

ጋሽ ኑሩም እንዲህ ያለች አሮጌ ጂፕ በአሰብ ወደብ ያስመጡት ለዚሁ ነው። በወረታ በኩል ሐይቁን ዞረው፣ መንገድ ላይ እያደሩ ሊወስዷት። አልጋ አሠሩላት፤ ፍራሹን ጥጥ ሞልታ የሰፋችው እናቴ ናት። የስንቅ ሳጥን፣ የላምባ ምድጃ፣ የውሃ በርሜል ተገጠመ። ሚያዝያ ላይ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። ለእሳቸው ግን አላለቀም። መጋረጃ ይጨመር አሉ። ከዚያ ደግሞ እንዳያንገላታት ባሌስትራው ይቀየር አሉ።

«አባ፣ እኔ መቼ መጋረጃ አልሁ?» ትላቸዋለች ዘይነባ እየሳቀች። «ደልጊ ነው ያልሁ።»

«ትንሽ ታገሺኝ የኔ እናት፤ እንዳያምሽ ብዬ እኮ ነው።»

የኔም አፍ አያርፍም። «ጋሼ፣ ይኸ ግፍ ነው! መኪናዋን ነው የሚያስታምሙ ወይስ እሷን?» አልኋቸው። እናቴ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። እሳቸው ሳቁ፤ «ተይያት፣ ይችስ ዳኛ ትሆናለች» አሉ።

ክረምቱ ቀድሞ ገባ። ወንዞቹ ሞሉ፣ መንገዱ ተዘጋ። ዘይነባ ነሐሴ ላይ አረፈች። ቀብሯም እዚሁ ሆነ።

ጋሽ ኑሩ ጂፗን አልሸጧትም። መንገዱ ሲደርቅ፣ ተጋድሞ ካልሆነ መሄድ የማይችለውን የሐይቅ ዳር በሽተኛ ሁሉ ሐኪም ቤት ማድረስ ጀመሩ። ሰው ሲጠራቸው ምሳቸውን ትተው፣ ጫማቸውን ሳያስሩ ይነሱ ነበር። ያን ጥድፊያቸውን ባየሁ ቁጥር በልቤ እጠይቅ ነበር። ለባዳው ሁሉ ሲሮጡ ለሷ ምነው ዘገዩ? ደግ ሰው ነበሩ፤ ይኸ ግን ዛሬም አይዋጥልኝም።

አልጋዋ በዘይነባ ቁመት የተሠራች ስለሆነች ትልቅ ሰው ጉልበቱን ሳያጥፍ አትበቃውም። አናጢው በነጻ ላስረዝምልዎ ቢላቸው «ተዋት፣ የሷ ናት» ብለው መለሱት።

አድጌ፣ አግብቼ፣ የመጀመሪያ ምጤ ሲጠናብኝም የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። ጉልበቴን አጥፌ፣ ፍራሹን በጥርሴ ነክሼ ሄድሁ። ልጄ ሐኪም ቤት ደርሳ ተወለደች። ጋሽ ኑሩ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሕፃኗን ሲሰጧቸው ተቀብለው አቀፏት።

«ይችንስ አደረስናት» አሉ።