የወንድሜ ጆሮ

ሻንጣ ነጋዴ ነኝ። ሱቄ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ፒያሳ ሲወጡ በግራ በኩል ነው። አገር የሚዞረው ሰው ሁሉ ከእኔ ሻንጣ ገዝቶ ይሄዳል፤ እኔ ራሴ ከደብረ ዘይት ያለፍኩበትን ቀን በጣቴ እቆጥራለሁ። ሱቁን የከፈትነው ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነበር። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ይጣራል፣ እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ ዋጋ እናገራለሁ። ሰው የማመጣው እኔ፣ የምታባርረው አንተ እያለ አርባ ዓመት ሙሉ ሲያማኝ ኖረ። ጆሮው እየደከመ ሲመጣ ድሬዳዋ ያለችው ልጁ መጥታ ወሰደችው። ሙቀቱ ለጉልበቱም ይሻለዋል ተባለ።

ስልክ ለእሱ አልሆነም። እንዲሰማኝ እጮሃለሁ፤ ስጮህበት ደግሞ "ማን ሞተ?" ይለኛል። ማንም አልሞተም፣ ደህና ነህ ወይ ልልህ ነው ለማለት ጎረቤት እስኪሰማ መለፍለፍ አለብኝ። ልጁ ናት መላውን ያመጣችው። "ጋሼ፣ ትልቅ ስክሪን ያለው ኮምፒውተር ቤት ያስገቡ። አባዬ ከንፈርዎን እያየ ይረዳል፣ ያልገባውን ደግሞ ይጻፉለታል" አለችኝ። ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ደንበኛዬ ዕቃውን ሊቀይር ነው ሲባል ሰምቼ አንዱን አሮጌ ኮምፒውተር ገዛሁት። ሊገጥመውም ደንበኛዬ ራሱ መጣ፤ ጺሙ ሸበት ያለ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው።

ሚስቴ ጉዳዩን የሰማችው ከዋዜማው ነው። ካሜራው የቱን ግድግዳ እንደሚያይ ጠየቀችው፤ ሰውየው በእጁ አሳያት። ያን ግድግዳ ብቻ ወለወለች፣ ያን የሶፋ ጥግ ብቻ አዲስ ዳንቴል አለበሰች። ከካሜራው ውጭ ያለው ቤታችን እስከ ዛሬ እንደነበረ ነው።

"አሁን የሚስጥር ቁጥር ይምረጡ" አለኝ ሰውየው።

"ሦስት ዜሮ" አልኩት። ሻንጣ ከፋብሪካ ሲወጣ ቁልፉ ሦስት ዜሮ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በሦስት ዜሮ ስከፍት የኖርኩ ሰው ነኝ።

"አይበቃም፣ ቢያንስ ስምንት ይፈልጋል።"

"እንግዲያው ስምንት ዜሮ።"

ቀና ብሎ አየኝና "ሌባ ይገምተዋል" አለ።

"ሌባ ይህን ያህል ሞኝ ነጋዴ አለ ብሎ አያስብም።"

አልተቀበለኝም። በስተመጨረሻ ሱቁ የተከፈተበትን ዘመን፣ የወንድሜንና የእኔን የጫማ ቁጥር አጋጥመን ሞላነው። ማይክሮፎኑን ፈተሸ፣ ድምፅ ማጉያውን ከቡፌው ላይ አስቀመጠ፣ የአማርኛ ፊደል አወጣጡን በወረቀት ጽፎ ስክሪኑ ጎን ለጠፈልኝ። ከየሰው ስም አጠገብ የምትበራውን አረንጓዴ ነጥብም አሳየኝ። "ይህች ስትበራ ሰውየው ኮምፒውተሩ ፊት አለ ማለት ነው" አለ። እኔም ሱቅ ክፍት ነው እንደሚለው ሰሌዳ አድርጌ ያዝኳት።

በመጀመሪያው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወልን። ስክሪኑ ላይ አንድ ትልቅ ጆሮ መጣ። ወንድሜ የልማዱን ነው፤ ድምፅ ከወጣበት ዘንድ ጆሮውን ይለጥፋል። ጆሮው ውስጥ ያለው ሽበት ሳይቀር ይታየኛል። ልጁ ከጀርባ "አባዬ፣ ራቅ በል! እሱ ነው አንተን ማየት ያለበት!" ትላለች። ጆሮው ይሸሽና ግማሽ ጉንጭ ይመጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ጆሮ። ለአንድ ወር ያህል ያየሁት የወንድሜን ጆሮ ነው። እየቆየ ግን ለመደው፤ ፊቱን ማሳየት ሲጀምር እኔ ጆሮውን ናፈቅኩ።

ሰላምታው አንድ ነበር። "አንተ ሌባ፣ ዛሬስ ማንን ሸወድክ?" ይላል። እኔም ከንፈሬን አስፍቼ "አንተን!" እላለሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ አናወራም። እሱ ሻይውን ይጠጣል፣ እኔ ሻዬን እጠጣለሁ፣ መብራት እስኪሄድ ወይ ኔትወርክ እስኪቆረጥ እንተያያለን። ሱቅ ውስጥም እንዲሁ ነበርን። በሳምንቱ መሐል ደግሞ መልእክት ይልካል። "ሌባው፣ ዝናብ አለ?" ይላል። "አለ" እላለሁ። "ይበልህ" ይላል።

እንዲህ ከርመን የግራ ዓይኔ ሞራ ተገፈፈ። ሐኪሙ ፋሻውን እያሰረ ትእዛዝ ሰጠኝ፤ አትጎንበስ፣ አትሸው፣ ስክሪን ላይ አታፍጥ፣ ለአንድ ወር ደግሞ በፍጹም እንዳታለቅስ። "ነጋዴ አያለቅስም ዶክተር፣ ያስለቅሳል እንጂ" አልኩት። ነርሷ ሳቀች። ሚስቴ አልሳቀችም፤ ትእዛዙን አንድ በአንድ በቃሏ እየያዘች ነበር።

የዓይን ጠብታውን ከእሷ በቀር ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። በቀን አራት ጊዜ፣ ሰዓቷን አይታ፣ እጇን ታጥባ፣ አገጬን እንደ ሕፃን ይዛ ታንጠባጥብልኛለች። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ጠዋት "አዳማ እህቴ ታማለች፣ ሁለት ቀን ልድረስላት" አለችኝና ጠብታውን ለጎረቤታችን ሴት ሰጥታ ሄደች። እህቷን ለሁለት ቀን ካየቻት ይጣላሉ።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። እኔ ሶፋው ላይ ነበርኩ፤ ባልታሰረው ዓይኔ በመስኮት አየኋት። ነጠላዋን እንደ ለቅሶ ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ ለብሳለች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ ነጠላውን ገልብጣ አስተካከለችና ገባች።

"እህትሽ እንዴት ናት?"

"ተሻላት።"

"ተጣላችሁ?"

"አይ፣ አልተጣላንም" አለችና ጠብታውን ፍለጋ ሄደች።

እሑድ ሲመጣ ኮምፒውተሩ አልጮኸም። "የእነሱ ካሜራ ተበላሽቷል አሉ" አለችኝ። "መልእክት ግን ልኳል፣ ላንብብልህ?" መነጽሯን አድርጋ ቆማ አነበበችልኝ። "ወንድሜ ሆይ፣ እንደምን ከረምክ? ዓይንህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ራስህን ጠብቅ። እኔ በጣም ደህና ነኝ።"

እውነተኛውን ሻንጣ ከማስመሰያው የምለየው ውስጡን ገልብጬ ነው። ከውጭ ማንም ያሳምረዋል፤ ውስጡ ስፌቱ ላይ ሲደርስ ይደክመዋል። የሚያስመስል ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ከመጠን በላይ ያሳምራል። ወንድሜ እንዲህ ተጨንቆ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ እንኳ "ወንድሜ" ብሎኝ አያውቅም።

"ምን ልበልልህ?" አለችኝ ሚስቴ።

"እኔም ደህና ነኝ በይልኝ።"

ያኔ አወቅኩ። ምን ተሰማህ ብትሉኝ ምንም። ቀኑን ሙሉ ካርቶን ከመኪና ያወረደ እጅ ማታ ብርጭቆ ሲጨብጥ እንደሚሆነው ነው፤ ብርጭቆው እጅህ ውስጥ እንዳለ ታያለህ እንጂ አይሰማህም። ምሳ ቀረበ፣ በላሁ። ጨው በዝቶበት ነበር፤ እሷ ጨው የምታበዛ ሴት አይደለችም።

አውቄአለሁ ብዬ ልናገር እችል ነበር። ግን ሁሉም ነገር ሥርዓት አለው። መርዶ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቁጭ ብለው ነው የሚያረዱት። አንድ ሰው ወንድሙ መሞቱን ከመስኮትና ከኮምፒውተር ለቅሞ ለራሱ ሲያረዳ ሰምቼም አላውቅ። ደግሞስ ያን ያህል ደክመው ደብቀውኝ፣ ሚስቴ ድሬዳዋ ደርሳ ቀብራ መጥታ፣ ሁሉንም በአንድ አፍ ላበላሽባቸው?

ፋሻው ሲነሳልኝ ኮምፒውተሩን ራሴ መክፈት ጀመርኩ። ከወንድሜ ስም አጠገብ አረንጓዴዋ ነጥብ በርታለች። ከፊት ለፊቷ ተቀምጬ አየኋት። ማን እንዳለ አሰብኩ፤ ሌላ ማን ይኖራል? ልጁ ናት። አባቷን ቀብራ፣ ለቅሶ ቤት ሰው እያስተናገደች፣ መሐል ላይ ተነሥታ ገብታ በአባቷ ስም ተቀምጣ "እኔ በጣም ደህና ነኝ" ብላ ለእኔ ትጽፋለች። የእኔ ዓይን እንዳይጎዳ።

በአንድ ጣቴ ፊደል ፊደል እየፈለግኩ "ልጅህ እንዴት ናት?" ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ "ደህና ናት" የሚል መጣ።

"ደክሟት ይሆናል። ታርፍ በላት።"

"እሺ፣ እነግራታለሁ።"

"ጥሩ ልጅ ናት። አይዞሽ ብሎሻል በላት።"

ነጥቧ ጠፋች። ሚስቴ ከኩሽና ሆና "ከማን ጋር ነው?" አለች። "ከወንድሜ ጋር" አልኳት። ድስት ሲከደን ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠየቅኳት። ልጅህ በላች? ልጅህ ተኛች? ወንድሜ በሕይወቱ ስለ ልጁ ያን ያህል ተጠይቆ አያውቅም። እሷም ትመልሳለች፤ በላች፣ ትንሽ ተኛች። አንድ ቀን ሳልጠይቃት "ዛሬ ከቤት ወጣ ብላ መጣች" ብላ ጻፈች። እኔም ይህን ሳነብ ደስ ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም፤ ብቻ ደጋግሜ አነበብኩት።

ወሩ ሲያልቅ ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ በመብራት አየኝና "ጥሩ ድኗል" አለ። ሚስቴ ወዲያው "አሁን ማልቀስ ይችላል?" አለችው። ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ሰሌዳ አነበብኩ፤ እስከ መጨረሻው መስመር ይታየኝ ነበር።

"ይችላል" አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ።

እንግዲህ ነገ ነው አልኩ በልቤ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ፣ ኮቴን ለበስኩ። ሚስቴ "ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ልምጣ" ብላ በሩን ሳትቀረቅር ወጣች። መጠበቅ ሲሰለቸኝ ወንበሮቹን ከምግብ ጠረጴዛው ወደ ሳሎን አመጣሁ። ካሜራው የሚያየው ግድግዳ ሥር ሦስት ደረደርኩ።

ሦስት ሆነው ገቡ፤ የዕድራችን ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው ትልቁ፣ ፒያሳ ወርቅ ቤት የነበራቸው አዛውንት፣ ወንበሮቹን አዩና ቆሙ።

"እንግዳ ትጠብቃለህ እንዴ?"

"አይ፣ እንዲያው ነው። ይቀመጡ ጋሼ።"

ተቀመጡ። የሰው ልጅ እንግዳ መሆኑን፣ ሁላችንም ተራ ጠባቂ መሆናችንን እያሉ ከሩቅ ጀመሩ። እኔ የምጠብቀው የምደነግጥበትን ቦታ ነው። ደንበኛ ዋጋ ሲያወርድብኝ ዕድሜዬን ሙሉ ደንግጫለሁ፤ ደረቴን ይዤ፣ ወደ ኋላ ብዬ፣ "ምን አልክ?" ብዬ። በዚህ ፒያሳ እንደ እኔ የሚደነግጥ ነጋዴ የለም። አዛውንቱ "ወንድምህ ዐርፏል" ሲሉ ግን አልመጣልኝም። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው "ደንግጦ ነው" አለ። አዛውንቱ ጠጋ ብለው "አልቅስ እንጂ ልጄ፣ ሐኪሙ ፈቅዷል እኮ" አሉኝ።

"አዎ፣ ፈቅዷል" አልኩ።

ሚስቴ ከበሩ ውጭ ቆማ ነበር። ገብታ ጮኸች፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ የቤታችን ለቅሶ በእሷ ድምፅ ተከፈተ። እኔ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። የመጣው ሁሉ እጄን እየጨበጠ "ምነው ዝም አልክ፣ ይውጣልህ" ይለኝ ነበር። በገቡ ቁጥር ከመቀመጫዬ መነሣቴን አስታውሳለሁ፤ ሌላው እንደ ደበዘዘ ነው።

ድንኳኑ በተነሣ ማግስት ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ነጥቧ አረንጓዴ ናት። ብዙም ሳይቆይ መልእክት መጣ።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ተነገርዎት አሉኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ምን አጠፋሽና።"

"አውቀው ነበር አይደል?"

"አውቄ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ወንድሜ ካልሽኝ ጀምሮ።"

ከዚያ "ታዲያ ምን ማለት ነበረብኝ?" ብላ ጻፈች።

መነጽሬን አስተካከልኩና ፊደሉን ከተለጠፈው ወረቀት ላይ እያየሁ ጀመርኩ። አንተ ሌባ። አንተ የሰው ጠላት። ሰው ያመጣሁልህን ያባረርክ። ዚፕ የማይዘጋለት። እጀታው የተነቀለ። ፋብሪካ የመለሰህ። በአርባ ዓመት ውስጥ የሰደበኝን ሁሉ፣ በየትኛው ዝናብ በየትኛው ደንበኛ ፊት እንደሆነ እያሰብኩ፣ አንድ በአንድ እየጻፍኩ ላክሁላት። እያንዳንዱ ሲደርሳት "እሺ" ትላለች፤ እንደ ትምህርት እየያዘችው ነው።

ሚስቴ ጠብታውን ይዛ መጣች። ከትከሻዬ በላይ ስክሪኑን አነበበች።

"አንተ ሰው! በሐዘን ቤት ማንን ነው የምትሰድበው?"

"ራሴን" አልኳት፣ ቀጣዩን ፊደል እየፈለግኩ።